የአሮጊቷ ጥድ ልጆች

«አትድፋው አልኩህ!»

«አባባ፣ የተንሳፈፈው እኮ ባዶ ነው። ውስጡ ምንም የለም።»

«ማን ነገረህ?»

«ውኃው ነዋ! የሞላው ሰጠመ፣ ባዶው ተንሳፈፈ። ይኸው ይዩት።»

«ውኃ ስለ ዛፍ ምን ያውቃል?»

አባቴ ከበርጩማቸው ተነስተው የባልዲውን ማንጠልጠያ ይዘዋል። እኔ ወደ ቦዩ ልደፋው እስባለሁ፣ እሳቸው ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ውኃው በመሃላችን እየተንቦጫረቀ የሁለታችንንም ጫማ አራሰው። ላዩን የጥድ ዘር ጥቅጥቅ ብሎ ሸፍኖታል። ከባልዲው ወለል ላይ የተቀመጠው ግን አንድ እፍኝ አይሞላም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የዘራነው ይህንኑ ነው» አልኩ። «አንድ አላደገልንም። አሁን ደግሞ ጊዜ የለንም።»

«ያላደገው አንተ ውኃ ስለምታበዛበት ነው።»

«አንድ ዓመት አብዝቼ ይሆናል። ሦስት ዓመት?»

«እና ምን ልትለኝ ነው?»

«አርጅታለች ነው የምልዎት! በቃ። ያረጀ ዛፍ ዘሩ ይደክማል።»

አባቴ ባልዲውን ድንገት ለቀቁት። ወደ ኋላ ተንገዳግጄ ግንቡ ያዘኝ። ቀና ብዬ እስክስተካከል ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እኔ አንተን ስወልድ ስንት ዓመቴ ነበር?»

መልሱን ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ስድሳ አንድ።

እሳቸውም ወንፊት አመጡና ተንሳፋፊውን ዘር እየጨለፉ ሰፌድ ላይ አሰጡት። ከሥር የቀረውንም አወጡና እዚያው ላይ ደባለቁት። ሦስት ቀን ስዘፈዝፍ፣ ስፈትግ፣ ሳጥብ ቆይቼ የለየሁትን በአንድ አፍታ መልሰው አንድ አደረጉት።

ግቢያችን ካዛንቺስ ነበር፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚያወርደው ኮረኮንች ላይ። ዋናው ቤት ድሮ የአንድ ሀብታም ቪላ ነው። ከተወረሰ በኋላ ቀበሌ ለአምስት ቤተሰብ ሸነሸነው። ሳሎኑ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ደረሰ፣ የምግብ ክፍሉ ለጡረተኛ ሾፌር። መታጠቢያ ቤቱ እንኳ የራሱ በር ተቆርጦለት አንድ ላጤ ገባበት፤ ገንዳው ላይ ጣውላ ረብርቦ ይተኛ ነበር። አባቴ የቪላው አትክልተኛ ነበሩ። ባለቤቱ ሄደ፣ የአበባው መደብ ጎመን ተተከለበት፣ አባቴ ግን ከሰርቪስ ቤቱ ንቅንቅ አላሉም። እኔ የተወለድኩት እዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴም አሥር ዓመት ሲሞላኝ ያረፈችው እዚያው ነው።

አሮጊቷ የምንላት ጥድ ከውጭው በር አጠገብ ናት። ግንቡን የሠራው ሰው ሊነካት ስላልደፈረ አጥሩ እሷ ጋ ሲደርስ ይጎብጥና ይዞራታል። ግንዷን ለማቀፍ ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። አንድ ጎኗ እስከ ጫፉ ደርቋል። በሌላው ጎኗ ግን በየዓመቱ ታፈራለች፤ አተር የምታክል፣ አመድ የተነፋባት የምትመስል ሰማያዊ ፍሬ።

አባቴ ከእሷ በቀር ከሌላ ጥድ ዘር ለቅመው አያውቁም። ሰው ምርቃት ለመቀበል በዕድሜ ወደ ገፋው ሽማግሌ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ዘር የሚፈልግም ወደ ትልቁ ዛፍ ነው መሄድ ያለበት ብለው ያምናሉ። ልንለቅም ስንል ጋቢያቸውን ያደገድጉና ከግንዷ ሥር ቆመው «ፍቀጂልን» ይሏታል። ፈቀደች አልፈቀደች በምን እንደሚያውቁ አላውቅም። ትንሽ ቆም ይሉና መሰላሉን እንዳመጣ በእጃቸው ያሳዩኛል።

የመሬት አስተዳደር ሰዎች መጥተው በግንቡ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ካደረጉ ያኔ አራተኛ ዓመቱ ነበር። ግቢው ይፈርሳል፣ ሕንፃ ይቆማል፣ ለእኛ ኮንዶሚኒየም ይደርሰናል። መቼ? ማንም አያውቅም። ሌሎቹ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ያወራሉ፤ ስንተኛ ፎቅ እንደሚደርሳቸው፣ ሽንኩርት የት እንደሚከትፉ፣ አስከሬን በዚያ ጠባብ ደረጃ እንዴት እንደሚወርድ። አባቴ ስለ ቤት አንድ ቀን አልተናገሩም። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከበስተጀርባው ባዶ ቦታ ነበረው። ለሰበካ ጉባኤው ሰዎች ከአሮጊቷ ዘር የፈላ መቶ ችግኝ እሰጣለሁ ብለው ቃል ገብተዋል።

«እሷን ይቁረጧት» ይላሉ። «ልጆቿ ግን ከዚህ ሰፈር አይወጡም።»

ሦስት ዓመት ዘራን። ከግቢው ጀርባ ወንዙ ዳር ትንሽ መደብ አለችን፤ ጽጌረዳ እዚያ እያፈላን ባምቢስ መንገድ ዳር እንሸጣለን። የጥዱ መደብ ግን ዓመት በዓመት ባዶውን ይከርማል። በየቦታው አንዳንድ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ አንገቱን ደፍቶ ይጠፋል።

እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጥሎኝ፣ ቀን ከአባቴ ጋር አፈር እየነፋሁ ደብተር ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝም የሚያነብልኝም ሰው አልነበረም። አስም አለብኝ። ሳሎን የምትኖረው ልብስ ሰፊ ባልዲ ተሸክሜ ደረቴ እያፏጨ ባለፍኩ ቁጥር ከሲንጀሯ ቀና ትላለች።

«አንተ የሽምግልና ልጅ! አባትህ አንተን ሲሠሩ ዕቃ አልቆባቸው ነበር፤ አንዱን ሳንባ ዘለሉት።»

«ያንቺ አባት ግን ምላስሽን ሲሠሩ ጨርቅ ተርፏቸዋል» እላታለሁ። ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ወደ ወንዙ ስወርድ ግን ሳቄ ቶሎ ያልቃል።

ምክንያቱም ከእኔ በፊት ሌላ ልጅ ነበር። አባቴ ጎልማሳ ሳሉ፣ ከሌላ እናት የተወለደ። ትከሻው ሰፊ እንደነበር፣ ኩንታል ብቻውን ያነሳ እንደነበር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። በተወለደ ቀን አባቴ ከአሮጊቷ ዘር ያፈሉትን አንድ ችግኝ ከጓሮው ማዕዘን ተከሉለት። አሰብ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሲሞት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ የተወለድኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። መርዶው የመጣ ዕለት አባቴ ከዚያ ዛፍ ቅጠል እንኳ እንዳይቀጠፍ ማሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ቅርንጫፉ ሳይገረዝ እስከ መሬት ወርዷል። ፍሬው ይረግፋል፣ የሚያቆጠቁጥ ነገር ቢኖር ዶሮዎቹ ይጭሩታል። ልብስ ሰፊዋ እንኳ የልብስ ማስጫ ገመዷን እሱ ላይ አታስርም።

የባልዲው ጠብ በሆነ በሳምንቱ ገደማ ከወረዳው የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ መጣች። በግቢው ያሉትን ዛፎች ልትመዘግብ ነው የመጣችው። ወጣት ናት፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ። ሰፌዱን ስታይ ቆመች።

«አባባ፣ ከትልቋ ነው?»

«ከእሷ ነው።»

«ይበቅልልዎታል?»

«ውስጡን እንየው፣ ምላጭ ፈልግልኝ» አለችኝ። እኔ ምላጭ አመጣሁላት። አንዲት ዘር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ለሁለት ሰነጠቀቻት። ባዶ። ሌላ ሰነጠቀች። ውስጧ ቡናማ ትቢያ። ሌላ፣ ሌላ። ሰባተኛዋ ላይ ነጭ ነገር አገኘንና «ይቺ ደህና ናት» አለች።

«እኔ አይታየኝም» አሉ አባቴ። «ዐይኔን ሞራ ይዞታል።»

«ዛፍም እንደ ሰው ነው አባባ። በጣም ልጅ ሲሆን ፍሬው ጥቂት ነው፣ ያውም የማይረባ። መሃል ዕድሜው ላይ ዘሩ ይሞላል። በጣም ሲያረጅ ግን ጉልበቱን ራሱን ለማቆም ነው የሚያውለው፤ ለዘሩ ስንቅ አያተርፍም። ስንቅ ያልያዘ ዘር ቢበቅል እንኳ ጅምሩ ላይ ይቀጥናል።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

«አንቺ ለአባትሽ ስንተኛ ልጅ ነሽ?»

«እኔ? አሥረኛ።»

«አንቺን ሲወልዱ ጎረምሳ ነበሩ?»

«ኧረ አባባ፣ ሽማግሌ ነበሩ!»

«ታዲያ ስንቅ ጎደለሽ?»

ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ዛፍ አይደለሁማ!»

«አሁን እንደ ሰው ነው አላልሽም?»

እኔም ሳቅሁ። ለአንድ አፍታ ሦስታችንም ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ ልጅቷ መዝገቧን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረችና የወንድሜን ዛፍ አየችው።

«ይሄ እያለልዎት ነው እንዴ! የእሷ ልጅ ነው አይደል? ይሄ እኮ ነው ለዘር...»

እጇን ወደ ቅርንጫፉ ዘረጋች።

«እጅሽን ሰብስቢ!»

አባቴ እንዲህ ሲጮሁ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። የሲንጀሩ ድምፅ እንኳ ቆመ። ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። በር ድረስ ስሸኛት ነገሩን ነገርኳት። «አዝናለሁ» አለች። ከበሩ ወጥታ እንደገና ዞር ብላ «ግን ያው ዘር ነው እኮ። እናትም ብትለቅም ልጅም ብትለቅም ያው ነው» አለችኝ።

ያችን ቃል ይዤ ዋልኩ፣ ይዤ አደርኩ።

በሳምንቱ ጡረተኛው ሾፌር አባቴን ሜክሲኮ ዐይን ሐኪም ጋ ይዟቸው ሄደ። ከግቢው በር ወጥተው ድምፃቸው እስኪጠፋ ጠበቅሁና መሰላሉን ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ፈርቼ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልፈራሁም። ያን ዛፍ ስወጣ ውስጤ የነበረው ደስታ ነው፤ ጥሩ ያልሆነ ደስታ። ዕድሜዬን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለካ ኖሬ ኪሱ ውስጥ እጄን የከተትኩ ያህል ተሰማኝ። ፍሬው ከብዶ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ደረቴ እያፏጨ፣ ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር ግንዱን እያቀፍኩ አንድ ፌስታል ሞላሁ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየችኝ። መጋረጃዋን ሳበችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ጽጌረዳ አጠጣለሁ እያልኩ ወንዙ ዳር ፍሬውን ዘፈዘፍኩ፣ ፈተግሁ፣ አጠብኩ። ባልዲ ውስጥ ስጨምረው ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ሰጠመ። ሲደርቅልኝ የሰፌዱን ዘር በእሱ ለወጥኩት።

አባቴ ሊዘሩ ሲሉ አንድ እፍኝ አንስተው በጣቶቻቸው አሹት።

«ዘንድሮ ወፈር ብሏል» አሉ። «አየህ? እኔ ምን አልኩህ?»

«አዎ፣ ወፈር ብሏል» አልኩ።

የአሮጊቷን ዘር መጣል አልሆነልኝም። ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ማየት ፈልጌ ነው። ከመደቡ መጨረሻ፣ ወንዙ በኩል ባለው ጠርዝ፣ በአንድ መስመር ዘራሁት። ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

በአምስት ሳምንቱ መሬቱ ተሰነጠቀ። የወንድሜ ዛፍ ዘር ባንድ ላይ ነው የወጣው፤ የአፈሩን ቅርፊት ቆብ አድርጎ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ተገፋፍቶ። የመጨረሻው መስመር ገና ጥቁር አፈር ነበር። ቆይቶ እዚህ አንድ እዚያ አንድ ወጣ፤ ቀጭን፣ ገርጣ ያለ፣ ለመቆም አፈር የሚለምን የሚመስል። በክብሪት እንጨት እየለካሁ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ወደ ጥቁር ፕላስቲክ ባዛወርናቸው ሰሞን የወንድሜ ዛፍ ልጆች ሁለት ክብሪት ደርሰዋል። የአሮጊቷ አንድ ክብሪት አይሞሉም። ብዙዎቹ ደረቁ። አሥራ አንድ ቀሩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ውሏቸው ችግኞቹ መሃል ሆነ። በርጩማቸውን ያስቀምጡና የልጆች ራስ እንደሚዳብስ ሰው በመዳፋቸው ከጫፍ ጫፍ ይዳብሷቸዋል። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። «የአሮጊቷ ልጆች ናቸው! ባዶ ናት ብለዋት ነበር» ይላሉ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው። እኔም እንደተሸነፈ ሰው አንገቴን እደፋለሁ። መሸነፌ እንዴት ደስ እንዳላቸው አይቻለሁ። ለዚያ ስል ዓመት ሙሉ ብሸነፍ ግድ አልነበረኝም።

አንድ ቀን መዳፋቸው መጨረሻው መስመር ደረሰ። ቆመ።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«ጥላ በዝቶባቸው ነው።»

«እነዚያስ ጥላ ውስጥ አይደሉ?»

«እኔ እንጃ አባባ። ሁልጊዜ የሚደክም አይጠፋም።»

አንዷን ለረጅም ጊዜ በሁለት ጣታቸው መሃል ይዘው ቆዩ። ከዚያ ለቀቋትና ተነሱ።

ፈራሁ። ነገ መልሰው ይጠይቁኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መጥተው ለምን እነዚህ ብቻ ተለዩ ይላሉ። አንዱ ክር ከተመዘዘ ሁሉም ይተረተራል። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ኪዳን ሊያስደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ወረድኩና አሥራ አንዱንም ነቀልኳቸው። ምንም አላስቸገሩኝም። ሥራቸው ትንሽ አፈር ይዞ ወጣ፣ አራግፌ ወንዙ ውስጥ ጣልኳቸው። ፕላስቲኮቹን አጣጥፌ ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኳቸው። ጠዋቱን ሙሉ የፈጀብኝ ይመስል ነበር፤ ተመልሼ ቤት ስገባ ስወጣ የጣድኩት የሻይ ውኃ ገና አልፈላም ነበር።

«የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝ በሳምንቱ።

«ሞቱ» አልኳቸው። ነፍስ ይማር እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሁለተኛው ክረምት ደብዳቤው መጣ። መጀመሪያ ዛፎቹ ይቆረጣሉ፣ ከዚያ እኛ እንወጣለን። ቆራጮቹ በመጡ ቀን ያቺ ባለሙያም አብራ መጥታ ነበር። ወንዙ ዳር ወርዳ ችግኞቹን ስታይ አጨበጨበች፤ ጉልበቴ ድረስ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እውነቱን ነገርኳት። አልተገረመችም።

«ገምቼ ነበር። የአሮጊቷስ? ምንም አልበቀለም?»

«አሥራ አንድ በቅለው ነበር። ቀጭን ነበሩ፣ ነቀልኳቸው።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ለምን?»

«አንቺ አይደለሽ ይቀጥናል ያልሽው?»

«ጅምሩ ላይ ነው ያልኩት! ስንቅ ሳይዙ ስለሚወጡ መጀመሪያ ይቀጥናሉ። ሥር ከያዙ በኋላ ግን ራሳቸውን ችለው ይደርሱባቸዋል። በሦስት በአራት ዓመት የትኛው የማን እንደሆነ አትለይም ነበር። አሥራ አንድ...» ወደ አሮጊቷ ዞረች። ገመድ እያሰሩባት ነበር። በዚያ ዓመት አላፈራችም።

አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ወዴት ብትወድቅ እንደሚሻል ለቆራጮቹ ይነግሯቸዋል። ረጋ ብለው ነው። ስትወድቅ ግቢው ተናወጠ፣ የሳሎኑ መስታወት ተሰነጠቀ። ልብስ ሰፊዋ «እኔ እኮ አባትህ አብረዋት የሚወድቁ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። አባቴ አማተቡና «በይ ደህና ሁኚ፤ ልጆችሽ አሉ» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ዞሩ። የወንድሜ ዛፍ ጊዜ አልወሰደም። አባቴ ያኔ ከበርጩማቸው ተነሱ። መጋዙ እስኪያበቃ ቆመው፣ ሲያበቃም ቆመው ቀሩ። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው።

ዝናቡ ጀመረ። እራት አቀረብኩ፣ አልነኩም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ነገ ጠዋት ጋሪ ይዘው ሊመጡ ተቀጣጥረዋል።

«እሷስ ትተካለች» አሉ አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ። «ነገ ልጆቿን እንሸኛለን። የልጄ ዛፍ ግን በእኔ መሐላ መክኖ ቀረ። አንዲት ፍሬ አላስለቀምኩም። እሱም ልጅ ሳይወልድ ሄደ፣ ዛፉም እንዲሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

እንባቸውን ሳይ ልነግራቸው ወሰንኩ። ስጦታ የምሰጣቸው መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ።

«አባባ፣ ዘሩ አለ።»

«የማን?»

«የወንድሜ ዛፍ። ውጭ ያሉት በሙሉ ከእሱ የተለቀሙ ናቸው። እርስዎ ሜክሲኮ የሄዱ ቀን እኔ ለቀምኩ፤ ሰፌዱ ላይ የነበረውን ለወጥኩት።»

አልጮሁም። አፋቸው ትንሽ ተከፈተ። «ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም።»

«የልጄ?»

«የልጅዎ።»

ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ። በስሜ ሊጠሩኝ፣ ሊመርቁኝ መሰለኝ። ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

«የአሮጊቷስ?» አሉ።

ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር። ዓመት ተኩል ሙሉ ስዋሽ አፌ ለምዶት ሳለ ያን ሰዓት ውሸት አልመጣልኝም።

«ጥቂት በቅለው ነበር። መጨረሻው መስመር ላይ።»

«የሞቱት?»

«አልሞቱም። ነቀልኳቸው።»

«ደርቀው?»

«አይ።»

«በሽታ ነበረባቸው?»

«ቀጭን ነበሩ አባባ። ከሌሎቹ ይለዩ ነበር። ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ስንት ነበሩ?»

«አሥራ አንድ።»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ በረታ። አባቴ ራሳቸውን ወደ ድምፄ ዘንበል አደረጉ፣ መልሱ እንዳያመልጣቸው።

«አረንጓዴ ነበሩ?»

«አዎ።»

ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከአልጋው ተነሱና ግድግዳውን እየዳሰሱ ጋቢያቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። ተከናነቡ። በትራቸውን አልጋው ሥር ፈልገው አገኙት። ላግዛቸው ስጠጋ ክንዳቸውን አሸሹ።

«የት ሊሄዱ ነው? ይዘንባል እኮ።»

«ሰዎቹ ነገ እንዳይመጡ ልነግራቸው ነው።»

«ለምን? ያው ዘር ነው እኮ አባባ! እሱም የእሷ ልጅ ነው። ችግኞቹ ምን አጠፉ?»

«ችግኞቹ ምንም አላጠፉም። እኔ ግን የሷን ልጆች ነው እሰጣለሁ ያልኩት። አሁን ሄጄ የሷ የሉም እላቸዋለሁ።»

«እሺ እኔ ልንገራቸው። ወይም አብሬዎት ልምጣ።»

«አንተ ተቀመጥ።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ለእንግዳ ሰው ወንበር እንደሚያሳዩ ነው ያሉት። ተቀመጥኩ። መዝጊያውን በእጃቸው ፈልገው አገኙት፣ ብርዱና የጥድ ሽታው ገባ፣ በትራቸው ደረጃውን ሁለት ጊዜ መታ። ከዚያ ከውጭ በኩል ሳቡትና የቆርቆሮው በር ተዘጋ።